ስንጥቅ ውስጥ የገባ ቀለም

«አይዞሽ፤ ያንች እጅ አልበደለም። በዓል የሻርሁ እኔ ነኝ፤ ሚስቴን የገደልሁ እኔ ነኝ።»

አያ ስንሻው ይህን የተናገሩት ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ በገበያ ቀን፣ ብየዳ የምንሠራበት ሼድ በር ላይ ቁመው። እኔ የብየዳ መነጽሬን ግንባሬ ላይ እንደ ሰቀልሁ ሰማኋቸው። «እግዜር ያጽናዎት» አልሁ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ አልተናገርሁም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርሁትም። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም። በየጾሙ መግቢያ ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ጾም ገድፌያለሁ፣ ሰው አምቻለሁ፣ እናቴ ላይ ጮኼያለሁ እያልሁ ትንንሹን ስለቅም ትልቁን ከምላሴ ሥር ይዤው እነሣ ነበር። መስቀል ተሳልሜ! ይህን ያደረግሁት አንድ ጊዜ ቢሆን ፈራሁ እላለሁ። ስንት ጊዜ ነው ሰው የሚፈራ? ለማላውቀው ሰው ከጥግ እስከ ጥግ ስናገረው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እናንተን አላውቃችሁም፤ እናንተም አታውቁኝም። እስከ መጨረሻው ስሙኝና የፈለጋችሁትን በሉኝ።

እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ሥራ ያጣ ወጣት ሁሉ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ ይባል ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ለዶሮ እርባታና ለባልትና ሲጻፉ እኔ ለብየዳ ተጻፍሁ። አምስት ነበርን፤ አራቱ ወንዶች። እናቴ «አንችን እሾህ ላይ ነው የወለድሁሽ፣ አትረጊም» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። በርና መስኮት፣ አልጋና የአጥር ብረት እየበየድሁ ስድስት ወር ሳይሞላኝ ሰለቸኝ። ሰው ያልሠራውን መሥራት አማረኝ።

አያ ስንሻው የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ፣ ሞዴል አርሶ አደር ተብለው የተሸለሙ ሰው ነበሩ። አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል አስገፍተው አመጡና «ይች እንዲሁ ሰው ብቻ ነው የምታመላልስ። ከኋላዋ ሁለት ጎማና ሣጥን ግጠሙላት፤ ነዶም ጆንያም ታምጣልኝ» አሉ። ወንዶቹ ሣቁ።

«አያ ስንሻው፣ በሬ ሊጠምዱባት ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

«በሬማ ይደክማል። ይች ቤንዚኗን ካጠጧት ድካም አታውቅም። አንተም እንደሷ በሆንህ!»

እኔ አልሣቅሁም። «እኔ እሠራታለሁ» አልሁ። ማን ጠየቀኝ? ማንም አልጠየቀኝም። እሠራታለሁ አልሁ።

ሠራኋትም። የሞተር ሳይክሏን ፊት እንዳለ ትቼ የኋላዋን ፈታሁ፤ ወገቧን በቱቦ አረዘምሁ፤ ሣጥኑን በላሜራ ገጠምሁ። ሁሉም እሺ አለኝ። የቀረኝ የኋላው አክስል ነበር። አክስል ማለት ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዝ ወፍራም የብረት ዘንግ ነው፤ ካቴናው የሚያዞረው እሱን ነው፣ ጭነቱ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እሱ ከተሰበረ ሌላው ሁሉ ቆርቆሮ ነው። ይህን አላወቅሁም እንዳልላችሁ፤ ከማንም በፊት የማውቀው ይህን ነበር።

የሚበቃ ርዝመት ያለው ዘንግ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አጣሁ። ያገኘሁት ከተጣለ ፒካፕ የወጡ ሁለት አጫጭር ዘንጎች ነው። እነሱን ይዤ ቡሬ ሄድሁ። እዚያ ጋሽ ይሁኔ የሚባሉ፣ ቶርኖ ላይ ብረት ሲቀርጹ ያረጁ ሰው ነበሩ። ጫፎቹን ዘንጉ ለሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ልክ እንዲቀርጹልኝ ነበር የሄድሁ። ዘንጎቹን አገላብጠው አዩና እኔን አዩኝ።

«እኒህን ልትቀጥያቸው ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ተይ። ይህ ብረት ኩሩ ነው፤ ሲበይዱት ያኮርፋል። አንድ ሳምንት ታገሽኝና ከባሕር ዳር አንድ ወጥ አስመጥቼ ልቅረጽልሽ።»

«ሳምንት የለኝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ እምቢ ካልሽ፣ ከመበየድሽ በፊት አሙቂው። ከበየድሽው በኋላ ትኩስ አመድ ውስጥ ቅበሪውና እስከ ማግሥቱ አትንኪው፤ ቀስ ብሎ ይብረድ። መጋጠሚያውን በላዩ ወፍራም ቱቦ አልብሽው። ውኃ ብቻ እንዳታስነኪው። ሰምተሻል? ውኃ እንዳታስነኪው።»

ሰምቻለሁ። ቃል በቃል ሰምቻለሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቃል በቃል እነግራችኋለሁ።

ሳምንት ለምን አልነበረኝም? ይህን ጠይቁኝ። አያ ስንሻው አላስቸኮሉኝም፤ አዝመራው ገና ነበር። ያስቸኮለኝ የወረዳው የቴክኖሎጂ አውደ ርዕይ ነው። ሊከፈት አራት ቀን ቀርቶት ነበር። አንድ የወረዳ ሹም ሼዳችን መጥቶ ሥራዬን አይቶ «ሴት በያጅ! የፈጠራ ባለቤት! አንችን ነው ከፊት የምናቆም» ብሎኝ ነበር። ከፊት መቆም ፈለግሁ። በቃ፣ ምክንያቴ ይኸ ነው። ችግር አላስገደደኝም፣ ሰው አላታለለኝም። ወድቃ ቀረች ያሉኝ ሁሉ ቁሜ እንዲያዩኝ ፈለግሁ።

በየድሁት። አላሞቅሁትም። አመድ አላዘጋጀሁም። ቱቦውን ባለብሰው የካቴናው ጥርስ አልገባ ሊለኝ ነው፣ የገጠምሁትን እንደገና ልፈታ ነው፤ ተውሁት። ብረቱ ገና ፍም መስሎ ሳለ ባልዲ ውኃ አነሣሁ። ጋሽ ይሁኔ ያሉኝ በጆሮዬ አለ። አፈሰስሁበት። ጮኸ። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ።

ከዚያ መጋጠሚያውን በግራይንደር አስተካከልሁት። ሳስተካክለው ከብየዳው ጎን ፀጉር የምታህል መሥመር አየሁ። ጭረት ናት አልሁ። ደግሜ ሞረድኋት፤ አልጠፋችም። በጥፍሬ ዳሰስኋት፤ ጥፍሬን ያዘችው። ስንጥቅ ናት። ስንጥቅ መሆኗን አወቅሁ። ወንዶቹ ምሳ ሄደው ነበር፤ ያወቅሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ቀለም ቀባሁት። ጥቁር ቀለም። ሲደርቅ መሥመሯ ከቀለሙ ሥር ታየችኝ። ደግሜ ቀባሁት። ጠፋች። እኔ ነኝ የቀባሁት። ማንም እጄን ይዞ አላስቀባኝም።

ለአውደ ርዕዩ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ በአንድ ወጥ እቀይረዋለሁ አልሁ ለራሴ። ውሸታም ሰው መጀመሪያ የሚዋሸው ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አውደ ርዕዩ ላይ ከፊት ቆምሁ። ተጨበጨበልኝ፤ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። አያ ስንሻው ሞተሯ ላይ ተቀምጠው ሜዳውን ሁለት ጊዜ ሲዞሩ ሰው ሁሉ እልል አለ። ሚስታቸው እመት አትጠገብም አብረው መጥተው ነበር። አጭር፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት። ሞተሯን ዞረው ዞረው፣ ሣጥኗን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ወይፈን ሲገዙ ጥርሱን ያያሉ። የዚች ደግሞ ምኗ ይታያል ልጄ?»

የቆመው ሰው ሣቀ። እኔም ሣቅሁ።

«ምኗም አይታይ እመት፤ እኔ አይቻታለሁ» አልኋቸው።

አይቻታለሁ! ይህን አፍ ማን ሰጠኝ?

ሞተሯን ይዘው ሄዱ። በሚቀጥለው ሳምንት እቀይረዋለሁ አልሁ፤ አልሄድሁም። ክረምት ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ነው አልሁ። መስከረም ሆነ፣ ሥራ በዛብኝ አልሁ። ሞተሯም ጨውና ማዳበሪያ፣ ሰውና ሸክላ ስታመላልስ ከረመች፤ አልተሰበረችም። ሳትሰበር ስትከርም ረሳሁት ብላችሁ በወደድሁ። አልረሳሁትም። ከቡሬ የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር መነጽሬን አውርጄ ወደ ብየዳዬ እዞር ነበር።

የሆነውን ቀን በዓይኔ አላየሁም፤ የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ። ኅዳር ላይ ያለ ወቅቱ ደመና ጣለ። ጤፉ ታጭዶ ማሳ ላይ ነው። የሚካኤል ዕለት ጠዋት ሰማዩ ጠቆረ። ኅዳር ሚካኤል እንኳንስ ነዶ ማመላለስ እንጨት መፍለጥም ግዝት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማይ ሰማዩን እያየ፣ እህሉን ለሚካኤል አደራ ብሎ ተቀመጠ። አያ ስንሻው ግን መቀመጥ አልቻሉም። «በሬ አልጠምድ፣ ማጭድ አልይዝ፤ ሞተር ምን ግዝት አለባት?» አሉ። እመት አትጠገብ «አንቱ፣ ዛሬስ ይቅር፤ ሚካኤል ነው» ብለዋቸው ነበር። እምቢ ሲሏቸው ብቻቸውን አልሰዳቸውም ብለው ነዶው እንዳይንሸራተት ከላይ ወጥተው ተቀመጡ።

ሁለት ዙር አመላለሱ። በሦስተኛው፣ ወደ አውድማው በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ፣ አክስሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ጎማ ለብቻው ወደ ወንዙ ተንከባለለ። ሣጥኑ ተገለበጠ። እመት አትጠገብ ከሥሩ ቀሩ። በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ቡሬ ሳይደርሱ አረፉ።

ጩኸቱን ሰምቶ የደረሰው የመጀመሪያው ሰው «ወይ ሚካኤል!» ነው ያለው። ሁለተኛውም እሱኑ አለ። ከዚያ በኋላ አክስሉን ያየ ሰው የለም። ለምን ብሎ ይየው? ማን እንደሰበረው ታውቆ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደረስሁ። ሞተሯን አጥሩ ጥግ ጥለዋታል፤ ሰው ዞር ብሎ ነው የሚያልፋት። እኔ ተጠጋኋት። ተንበርክኬ የተሰበረውን ፊት አየሁት። አብዛኛው እንደ ስኳር ያብረቀርቃል፤ አዲስ ስብራት ነው። በአንደኛው ዳር ግን፣ አዲስ ጨረቃ በምትመስል ቅርጽ፣ ጥቁር ነው። በጣቴ ፋቅሁት። ዝገት አይደለም። የኔ ቀለም ነው። ስቀባው በስንጥቋ ገብቶ ደርቋል። ብረት እንደ ሰው አይደለም፤ ምን እንዳደረጉት ጽፎ ያስቀምጣል። ጋሽ ይሁኔ አንድ ጊዜ ቢያዩት ይበቃ ነበር።

አያ ስንሻው ከኋላዬ መጡ። ፊታቸው በለቅሶ ተቧጥጧል።

«ውሰጅልኝ ልጄ፣ ዓይኔ አይየው» አሉኝ።

የተሰበረውን አክስል ፈትቼ ወሰድሁት። ሼዳችን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልሁት። ሲወርድ ድምፁን ሰማሁ። ይህንንም ያደረግሁ እኔ ነኝ። ቀለም መቀባቱን ጥድፊያ እንበለው፤ ይህን ምን እንበለው?

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቃል። ያ ጤፍ የግዝት እህል ተባለና ማንም ሳይወቃው ወፍ ለቀመው። ለአያ ስንሻው ወንፈል የሚገባላቸው ጠፋ፤ ከእሳቸው ጋር አብሮ ማረስ ሰው ፈራ። ንስሐ አባታቸው ረጅም ቀኖና ሰጧቸው፤ ጾም፣ ስግደት። ቅዳሴ ሲቀደስ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ይቆማሉ፤ ግባ ቢሏቸውም አይገቡም። ሞዴል አርሶ አደር የነበሩ ሰው!

እኔም ትንሽ ሥራ ቀርቶብኝ ነበር፤ የሞተሯ ነገር ሰውን አሸሸው። አያ ስንሻው ይህን ሰሙ። መጀመሪያ ላይ የነገርኋችሁ ቀን የመጡት ለዚህ ነው። እኔን ሊያጽናኑ! ከዚያም ገበያው መሐል ቁመው ላገኙት ሁሉ «የዚችን ልጅ እጅ እንዳታሙ፤ እኔ ነኝ ሚካኤልን የተዳፈርሁ» እያሉ መሰከሩልኝ። ሥራዬ ተመለሰ። በእሳቸው ኃጢአት እንጀራ በላሁ። ሚስታቸውን የቀበሩ ሰው እያጽናኑኝ እኔ «እግዜር ያጽናዎት» አልሁ። ከዚህ የባሰ ዓይን አውጣነት አይታችኋል?

ለራሴ የምለው አላጣም ነበር። ብናገር እመት አትጠገብ ይነሣሉ? አይነሡም። ብናገር እናቴ በምን ታበላለች? ሰውየውስ ከሚካኤል ጋር ጉዳያቸውን ጨርሰው የለም ወይ፣ እኔ መሐል ምን ጥልቅ አደረገኝ? እንዲህ እንዲህ እያልሁ አደርሁ፣ ዋልሁ። ሁሉም ቀለም ነው። ስቀባ ነው የኖርሁት።

አንድ ቅዳሜ ከገበዝ ማርያም በኩል የመጣ ገበሬ ሼዳችን ገባ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ አለ፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱ፤ ውኃና እህል ጭኜ እነሱንም ከላይ አስቀምጣለሁ አለ። «እንደ ስንሻው ሞተር ያለች ሥሪልኝ» አለኝ። ለኋላዋ ወፍራም አንድ ወጥ ዘንግ እንደሚያስፈልግ፣ ዘንጉ እስኪመጣ እንደሚቆይ ነገርሁት።

«ግድ የለም፣ ካለሽ ብረት ቀጣጥለሽ ሥሪው» አለ። «እኛ እንደ ስንሻው አይደለንም፤ ቀን እናከብራለን።»

የብየዳ መነጽሬን ከግንባሬ አወለቅሁ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ።

በነጋው እሑድ ነበር። ቡሬ በመኪና ሄድሁ፣ ከዚያ በእግሬ። አያ ስንሻው ደጃቸው ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቅዳሴ ወጥቷል፤ ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰንበቴ ተቀምጧል፤ እሳቸው ከዚያ ወዲህ አይቀመጡም። «አረ እንደምን መጣሽ!» ብለው ተነሡ። ቁጭ በይ አሉኝ። አልቀመጥሁም። ከተቀመጥሁ አልናገርም ነበር።

ሁሉንም ነገርኋቸው። ባልዲውን፣ መሥመሯን፣ ሁለት ጊዜ መቀባቴን፣ ጨረቃዋን፣ ጉድጓዱን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ መሬት መሬቱን እያዩ ጠየቁኝ።

«ስትቀቢው ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንግዲያ ሚካኤል አልነበረም?»

«እኔ ነኝ።»

ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ አላለቀሱም። ይመቱኛል ብዬም ነበር፤ ቢመቱኝ በወደድሁ።

«አንች ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ ከሚካኤል ጋር ልታረቅ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ጾሙን እጾማለሁ፣ ስግደቱን እሰግዳለሁ፤ ሲሞላልኝ ይምረኛል፣ እሷንም በሰማይ አገኛታለሁ ብዬ። አሁን ለማን ልስገድ? ለአንች ልስገድ?»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዞርሁ።

«ሰንበቴው ላይ ቁሜ እናገራለሁ» አልሁ። «ስምዎ ይመለስ።»

«ወንድሞቿ እዚያ ተቀምጠዋል» አሉ። «እስከ ዛሬ የእታቸው ደም ሚካኤል እጅ ነበር፤ ሚካኤልን ደም የሚጠይቅ የለም። ከተናገርሽ የሰው ደም ነው የሚሆን።»

«ልናገር ወይስ ልተው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔን አትጠይቂኝ» አሉ። «ስትቀቢው አልጠየቅሽኝም።»

ይቅር በሉኝ አላልኋቸውም። ለጥያቄያቸው መልስ ሳልሰጥ ይቅርታ ልለምናቸው አልቻልሁም። ነጠላዬን አጥብቄ አሰርሁ። ከአጥሩ ወጣሁ። መንገዱ እዚያ ጋ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ወደ ቡሬ ይወስዳል፣ ቀኙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። በቀኙ ሄድሁ።